ወፍጮ ቤቱ የማን ነበር?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ክርስትና ሲነሣ ድግሱ ላይ ነበርኩ። አርክቴክቸር ተምሮ ተመርቋል። አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከቅዳሜ ገበያ ዝቅ ብሎ ያለውን አሮጌ ወፍጮ ቤት ተከራይቷል። ካፌ ሊያደርጉት ነው። «ጋሼ፣ ግድግዳውን አልነካነውም። የድሮው ድንጋይ እንዳለ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። በሩ አጠገብ የቤቱን ታሪክ ጽፈው ሊሰቅሉ አስበዋል። «እስቲ ባለቤቶቹን በቅደም ተከተል ይንገሩን። አምስት መስመር ቢሆን ይበቃናል።»

መልእክቱን ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

እኔ 38 ዓመት በቀያሽነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጎንደር ውስጥ ሜትር ያልዘረጋሁበት ሰፈር ጥቂት ነው። የማን አጥር የት ላይ እንደሚያልቅ፣ የቱ ቤት ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል። አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ሳላገላብጥ እመልሳለሁ። ይህን ጥያቄ ግን መመለስ አቃተኝ። ባለቤቶቹን ስለማላውቃቸው አይደለም። ከመካከላቸው የአንዷን ስም ከወረቀት ያስቀረሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ስለዚህ ለእሱ ከመመለሴ በፊት ለእናንተ ልጻፍ አልኩ። በተለይ ዘንድሮ ሥራ ለጀመራችሁት። ፎርም ለምታስሞሉ፣ መዝገብ ለምትይዙ፣ ኮምፒውተር ላይ የሰው ስም ለምታስገቡ። ጠንክሩ፣ ሱስ አትያዙ፣ ጓደኛ ምረጡ የሚለውን አልጽፍላችሁም። እሱን ከእናቶቻችሁ ሰምታችሁታል።

ለልጁ በቀላሉ ልነግረው ከምችለው ልጀምር።

ጣሊያን ጎንደር የገባው በ1928 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ከተማዋን የአማራ ግዛት ብሎ ላቋቋመው አስተዳደር መቀመጫ አደረጋት። ፒያሳ ያሉት ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። አውቶፓርኮ የምንለው ሰፈርም ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ማለት ነው። ወፍጮ ቤቱም በእነዚያ አምስት ስድስት ዓመታት ውስጥ ተሠራ። ያሠራው ለሠራተኞች ዳቦ የሚያቀርብ ጣሊያናዊ ነው። ግድግዳው 60 ሳንቲ ውፍረት አለው፤ ራሴ ለክቼዋለሁ። መስኮቶቹ ትንንሽና ከላይ ቅስት ናቸው። ብናኙ እንዲወጣ ጣሪያው ሥር ቀዳዳ ተትቶለታል።

በጎንደር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ከገቡ ስድስት ወር አልፎ ማለት ነው። ጣሊያኑ ሄደ፤ ቤቱና ድንጋዩ ቀረ። ከዚያ አንድ የመናዊ ነጋዴ ያዘው። ሊስተር የሚባለውን የእንግሊዝ ናፍጣ ሞተር ያስገባው እሱ ነው። 1955 ላይ ወደ አገሩ ሲመለስ ለባልና ሚስት ሸጠው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ይህ ሁሉ ሁለት መስመር ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ነው እጄ የሚከብደኝ።

እናንተ ወፍጮ ሲባል ማሽን ነው የሚታያችሁ። ለእናቴ ወፍጮ ማለት የድንጋይ ወፍጮና መጅ ነበር። በዶሮ ጩኸት ተነሥታ፣ ወገቧን አጉብጣ፣ ጤፉን እየገፋች ትፈጭ ነበር። እያንጎራጎረች። የእንጉርጉሮዋን ግጥም ራሷ ነበር የምታወጣው። አባቴ ፊት የማትለውን ለድንጋዩ ትነግረው ነበር። እኔ ተኝቼ እሰማለሁ። አንዳንዴ የኔንም ስም ታነሣ ነበር፤ «ትምህርት ቤት ሄዶ ሰው ይሆናል» እያለች። የሞተር ወፍጮ ሰፈራችን ሲገባ ለእናቴ የመጣላት እንቅልፍ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሆን እንቅልፍ። ይህን ማንም ታሪክ ብሎ ሲጽፈው አላየሁም።

የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ስልቻውን ተሸክሜ የምሄደው እኔ ነበርኩ። መንገዱን በጆሮ ታገኘዋለህ። የሞተሩ ጭስ ማውጫ አፍ ላይ ቆርቆሮ ተደፍቶበት ስለነበር ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ እያለ እስከ ቀሃ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ድምፁ ከሌለ ሞተሩ ቆሟል፤ ሴቶቹ ከቤት አይወጡም። ወረፋው በስልቻ ነበር የሚያዘው። ሰው ሄዶ ሌላ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ ስልቻው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። የኔ ቢጤ ልጅ ግን አይሄድም። ዱቄቱ የሚወርድበት ጋ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ዱቄት ሲወርድ ሙቅ ነው። ብርድ በሆነበት ጠዋት እጃችሁን ብትከቱበት እንዴት እንደሚያሞቅ!

ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። የወፍጮዋ እትዬ። ባላቸው ደህና ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ሥራቸው የከብት ንግድ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ መተማ መንገድ ላይ ናቸው። ወፍጮው የእትዬ ነው። ጠዋት ቁልፉን የሚከፍቱት እሳቸው። ናፍጣ የሚያስመጡት እሳቸው። ሒሳብ የሚይዙት እሳቸው፤ ያውም ሳይጽፉ። የማን ስንት ኪሎ፣ ማን በዱቤ፣ ማን የመስቀል ሰሞን እከፍላለሁ እንዳለ ሁሉንም በቃላቸው።

አንድ ነገር ሲያደርጉ አሁንም ይታየኛል። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር ትንሽ ዘግነው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያሹታል። ዓይናቸውን ጨፍነው። ከዚያ ወደ ፈጪው ዞረው «አጥብቀው!» ይላሉ። ወይም «ኧረ ላላ አድርገው፣ ልታቃጥለው ነው!» ጤፍ ትንሽ ናት፤ ሁለቱ ድንጋዮች በጣም ካልተቀራረቡ ሳትፈጭ ታልፋለች። በጣም ከተቀራረቡ ደግሞ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል፣ ዱቄቱ ይሞቃል፣ እንጀራው ይበላሻል። ያንን ልክ እትዬ በጣታቸው ነበር የሚያገኙት። እኔ በኋላ ቴዎዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ ስማር፣ ሚሊ ሜትር ማንበብ ስጀምር፣ እሳቸው ትዝ ይሉኝ ነበር። ከኔ መሣሪያ ይልቅ የእሳቸው ጣት አይሳሳትም።

ድንጋዩ በየጊዜው ይለሰልሳል። ያኔ ሞተሩ ይቆምና የላይኛው ተነሥቶ ይወቀራል። የሚወቅሩበትን ብረት የሚሠሩላቸው አንድ የወለቃ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቤተ እስራኤል። ወለቃ በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የዛሬ ልጆች የሸክላ አሻንጉሊት የሚሸጥበት ብቻ ይመስላችኋል። ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ማረሻ የሚሠሩት፣ ግማሹን ጎንደር በመሣሪያ የያዙት እነሱ ነበሩ። ሽማግሌው ብረቱን በጨርቅ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ እትዬ ቡና ያፈሉላቸዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ከእነሱ ጋር አብሮ አይቀመጥም ነበር፤ ቡዳ ናቸው እየተባለ። እትዬ ግን በአንድ ረከቦት አብረዋቸው ይጠጣሉ። ይህን በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ያኔ ምን ያህል ነገር እንደሆነ አልገባኝም ነበር። በ1977 እና በ1983 እነዚያ ሰዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። ከዚያ በኋላ የተሠራው መውቀሪያ ቶሎ ይዶለድማል ይባል ነበር።

ከርዕሴ ወጣሁ መሰለኝ። ልመለስ።

1964 ላይ የእትዬ ባል ሞቱ። ወፍጮው አልቆመም። ለሦስት ቀን ብቻ ድምፁ ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን ጥቁር ለብሰው ከፈቱት። የቤቱ ካርታ በባላቸው ስም ነበር። ወደ ራሳቸው ስም ለማዞር የሄዱም አይመስለኝም። ማን ይጠይቃቸዋል? ሁሉም ሰው ወፍጮው የማን እንደሆነ ያውቃል።

እኔ በ1967 ሥራ ያዝኩ። ዕድሜዬ 22 ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 47። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይኖረዋል። በራሱ ንግድ የሚተዳደር ደግሞ የሚሠራበትን ቤት ይይዛል። ሌላው ትርፍ ነው። ስለዚህ ቤት ሁሉ መመዝገብ ነበረበት። ሁለት ሁለት ሆነን ተመደብን። እኔ እለካለሁ፣ ፎርሙንም እኔው እሞላለሁ፤ ጓደኛዬ ሜትሩን ይይዛል።

ወፍጮ ቤቱ ጋ የደረስነው ነሐሴ ውስጥ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ጫማዬ አዲስ ነበር። በመጀመሪያው ደመወዜ የገዛሁት ነው፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ልቤ ተቃጥሏል። ለክተን ጨረስን። ፎርሙን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ዱቄት የነካው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። አወቁኝ። «አንተ የእገሊት ልጅ አይደለህም? ደግ! ደግ! ሰው ሆንክ» አሉ። ኮራሁ።

ፎርሙ ላይ «የባለቤቱ ስም» የሚል መስመር አለ። ካርታውን አምጡ አልኳቸው። አመጡት። በካርታው ላይ ያለውን የባላቸውን ስም ገለበጥኩ።

«ምን ጣፍክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«የሞተ ሰው ወፍጮ ያስፈጫል እንዴ?»

«ሕጉ ነው እትዬ። ካርታው ላይ ያለው ነው የሚጻፈው።»

ወደ ውስጥ ገቡና የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ክዳኑን ሲከፍቱ ደረሰኝ ነው የሞላው። የናፍጣ ደረሰኝ። የቺንጋ መግዣ። ከሥር የታጠፈች አንዲት ትንሽ ወረቀት አወጡ። የወርቅ ሠሪ ወረቀት ናት። የአንገት ወርቃቸውን የሸጡባት። ወፍጮው የተገዛው በዚያ ወርቅ ነበር። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተ አንብበው» ብለው ሰጡኝ። አነበብኩት። ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ቀኑ፣ ሚዛኑ፣ ገንዘቡ። ስማቸውም ተጽፎ ነበር።

«እንግዲያው የኔንም ስም ከሥር ጣፍልኝ» አሉ። «በደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዤሃለሁ።»

«ቦታ የለውም እትዬ።»

«ስሜ…» ብለው ጀመሩ። የአባታቸውን ስም ሊጨምሩ ነበር። እኔ ብዕሬን ከድኜ ተነሣሁ። ላንድሮቨሩ ታች መንገድ ላይ ቆሞ ጡሩንባ እየነፋ ነበር። ምሳ ሰዓት አልፏል። ጓደኛዬ «ቶሎ በል» አለኝ። ቶሎ አልኩ።

ይህ ነው። ከዚህ የበለጠ ነገር አልተፈጠረም። ማንንም አልመታሁም፤ ጉቦም አልበላሁም። ለብዙ ዓመት ራሴን የማጽናናው በዚህ ነበር። ሕጉ የሚለውን አደረግኩ፣ በኔ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆንም ያንኑ ያደርግ ነበር እል ነበር።

ልክ አይደለም። ሌላ ሰው ሌላ ያደርግ ነበር። ያን ሰሞን አብሮን የተመደበ አንድ ባልደረባ ነበር። ከኔ በላይ የተማረ አይደለም። በሌላ ሰፈር ተመሳሳይ ነገር ገጠመው፤ የዳቦ ቤት ባለቤት የሆነች መበለት። ፎርሙ መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። እዚያ ላይ «በንግዱ የምትተዳደረው ሚስት ናት፤ በሕይወት አለች» ብሎ ጻፈ። ኮሚቴው አይቶ ዳቦ ቤቱን ተወላት። እኔ የሞላሁትን ፎርም ያየ ኮሚቴ ግን ያየው የሞተ ሰውዬ ነው። ነጋዴ የለም፤ ቤቱ ትርፍ ነው። በ1968 ወፍጮ ቤቱ ለቀበሌ ሆነ።

ቦታ የለውም ያልኳቸው ውሸቴን ነው። ቦታ ነበረው።

እትዬ ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት ይመጡ ነበር። ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ቀበሌ የቀጠረው ፈጪ ሥራውን አይችልም ነበር። ዱቄቱ ሲጎረብጥ ሴቶቹ ወደ እትዬ ይዘውት ይሄዳሉ። ያሹታል። «አጥብቀው በለው» ይላሉ። የራሳቸው ያልሆነውን ወፍጮ ሁለት ዓመት በጣታቸው እንዲህ አስፈጩት። እኔ በዚያ በኩል እንዳላልፍ መንገድ እቀይር ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ አቤቱታ እንዲያስገቡ ላግዛቸው፣ ደጋግሜ አስቤ ነበር። ዛሬ ነገ ስል 1969 መጣ፣ 1970 መጣ። ጎንደር በዚያን ጊዜ ምን እንደነበረች ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ማንም ማንንም ቤት ሄዶ በሩን አያንኳኳም ነበር። በዚያ ዓመት ትንሹ ልጃቸው ሄዶ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ እትዬ ደጃፉ ላይ መቀመጡን ተዉት።

በ1979 ሞቱ። ቀሃ ኢየሱስ ተቀበሩ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላ ቆሜ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ብሎት ነበር። የጋራ ሀብቱን የሚያስተዳድረውም እሱ ነበር። ስለዚህ ሚስት በወርቋ ብትገዛም ካርታው በባል ስም ቢወጣ ማንም አይደነቅም። ይህ እስኪቀየር ብዙ ዘመን ፈጀ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ነው፤ የክልላችን ደግሞ በ1995። በዚያው ሰሞን የገጠር መሬት የይዞታ ደብተር መሰጠት ተጀመረ። ለሥልጠና ወደ አንድ ወረዳ ተልኬ ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። የባልም የሚስትም ስም ይጻፍበታል። የሁለቱም ፎቶ ይለጠፍበታል። አንዲት ሴት የራሷን ፎቶ በመሀረብ ጠቅልላ ይዛ ወረፋ ቆማ ነበር። ደጋግማ ትፈታዋለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ትጠቀልለዋለች። ከአዳራሹ ወጥቼ ከበስተጀርባ ብዙ ቆየሁ። አብሮኝ የነበረው ወጣት «ጋሼ፣ አመምዎት እንዴ?» አለኝ። ፀሐዩ ነው አልኩት።

ከ1983 በኋላ ስለመጡት ባጭሩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀበሌው በጨረታ አከራየው። አንድ ከጦር ሠራዊት የተመለሰ ሰው ያዘው፤ ትጉህ ነበር፤ ግን ናፍጣው አከሰረው። ከዚያ አምስት ሴቶች ተደራጅተው ወሰዱት። ሊስተሩን አውጥተው የኤሌክትሪክ ሞተር ያስተከሉት እነሱ ናቸው። ቱክ ቱክ የሚለው ድምፅ ያኔ ቀረ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮውም ይቆማል፤ ነገር ግን ጥሩ ሠሩ፣ ልጆች አስተማሩበት። በኋላ በየሰፈሩ ወፍጮ በዛ፤ የፋብሪካ ዱቄትም በየሱቁ ደረሰ። ከአሥር ዓመት በፊት ተዘጋ።

አሁን ስለ እናንተ ልናገር። አትቀየሙኝ።

እናንተ ፈጣኖች ናችሁ። በጣም። እኔ ሦስት ቀን የምለካውን ቦታ የዛሬ ቀያሽ በጂፒኤስ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል። መኪና ውስጥ ሆኖ የሚጨርስም አይቻለሁ። ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ሳያይ። ጥያቄ ትጠይቃላችሁ፤ መልሱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከሆነ ግን ዓይናችሁ ወደ ስልካችሁ ይሄዳል። ልጄ ራሷ ትሠራለች እንዲህ። በኛ ጊዜ ሰው ሲናገር ይደመጥ ነበር ልል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ግን አልጽፈውም። ያቺን ሴት ሳልሰማ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ስልክ አልነበረኝም።

ደግሞ ይህን የጠየቀኝ ወጣት ነው። ከ50 ዓመት በላይ ከኔ ትውልድ አንድ ሰው እንኳ ወፍጮ ቤቱ የማን ነበር ብሎ አልጠየቀኝም።

ወረቀትን ብዙ አትመኑት ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ካርታው እኮ ዋሽቷል። ነገር ግን ያቺ የወርቅ ሠሪ ወረቀትስ? እውነቱን የያዘችው እሷ ናት፤ እሷም ወረቀት ናት። ስለዚህ እንዲህ ልበል፤ ፎርም ስትሞሉ «ምርመራ» የሚለውን ዓምድ ባዶ አትተዉት። ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይም አንድ ቦታ ይኖራል፤ ስሙ ሌላ ይሆናል እንጂ። ፊታችሁ የቆመው ሰው ወረቀቱ ከሚለው የተለየ ነገር ከነገራችሁ እዚያ ላይ ጻፉት። ሁለት ቃል ትሁን። አለቃችሁ ቢቆጣ ይቆጣ። ሌላ ምክር የለኝም።

ቅዳሜ ዕለት ልጁ ጋ ሄጄ ቤቱን አየሁት። ጥሩ ሠርተዋል። መስኮቶቹን አጥበዋል፤ ጣሪያው ሥር ያለውን የብናኝ ቀዳዳ ከፍተውታል፤ ብርሃን ይገባበታል። የላይኛውን የወፍጮ ድንጋይ መግቢያው ላይ ደረጃ አድርገው አስቀምጠውታል። ቆምኩበት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳበስኩት። የተወቀረው መስመር አለ። ከመሀል ወደ ዳር የሚወጣው እያንዳንዱ ቦይ ጠርዙ ገና ይቧጥጣል። ልጁን ገልብጡት አልኩት፤ ሰው ሲረግጠው ያልቃል። ዛሬውኑ እንገለብጠዋለን አለኝ። ጽሑፉን አልጠየቀኝም፤ ፊቴን አይቶ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ለልጁ ልጽፍለት ተቀመጥኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «እትዬ» ብዬ ነው የማውቃቸው። ስማቸውን በወርቅ ሠሪው ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ጠፍቶብኛል። የአባታቸውን ስም ደግሞ ሊነግሩኝ ሲሉ ነው ብዕሬን የከደንኩት።

ትልቋ ልጃቸው አዲስ አበባ እንዳለች ሰማሁና ስልኳን አፈላለግኩ። ማታ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ቀያሹ ነኝ አልኳት። ነሐሴ 1967 ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ምርመራ የሚለውንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አውቅዎታለሁ» አለች። «እማዬ ታነሣዎት ነበር። ዱቄቱ ሲወርድ እጅዎን የሚከቱት ልጅ።»

ስለ ፎርሙ ነግረዋት እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሷም አላለችም። የእናቷን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል። መጀመሪያ በእርሳስ ጻፍኩት፤ አነበብኩላት፤ «ልክ ነው» ስትል በብዕር ደገምኩበት። እዚህ አልጽፈውም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎንደር እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ማየት እፈልጋለሁ ብላኛለች።

ለልጁ ዛሬ ጠዋት መልስ ልኬለታለሁ። አምስት መስመር አይበቃም፣ ሰሌዳውን ለስድስት አሠሩት አልኩት። ሦስተኛውን ባዶ ይተዉልኝ፤ ልጃቸው ስትመጣ እሷ እየነገረችኝ በእጄ እጽፈዋለሁ።